8 ሳምንቴ ነው፣ ደም ታየኝ። ምን አድርጌ ነው?

የማለዳ ጤዛ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ትናንት ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ስጠራረግ ሶፍቱ ላይ ሮዝ ነገር አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም። ደግሜ ጠረግሁ። አሁንም አለ። ከሰዓት በኋላ ቀላ፤ ማታ ላይ ሞዴስ አደረግሁ። ሆዴን ወር አበባዬ ሊመጣ ሲል እንደሚያደርገኝ ቆረጥ ቆረጥ ያደርገኛል።

ዛሬ ሐኪም ቤት ሄጄ አልትራሳውንድ ታየሁ። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ነው፣ ልቡም በደቂቃ 158 ይመታል ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ ግን «የውርጃ ስጋት» ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙ «ከከረጢቱ ጎን ትንሽ ደም አለ፣ ከ10 ቀን በኋላ ተመለሺ» አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ አልመለስ እያልኩ ነበር። አፈርኩና ሄድኩ።

እሁድ ዕለት ቁም ሳጥን ገፍቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልኩት። ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ነበርን። ከሦስቱ የትኛው ነው? አምና አንድ በ7 ሳምንቱ ወርዶብኛል። አሁንም በገዛ እጄ አጠፋሁት እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሏል።

የሦስት ልጆች እናት · ከምሽቱ 3፡41

አይዞሽ እህቴ! እኔም በሁለተኛዋ ልጄ ለ12 ቀን ደም ሲታየኝ ነበር። ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ልቡ መምታቱ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ልምከርሽ፤ ከአልጋ እንዳትነሺ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ለሽንት ብቻ ነበር የምነሳው። እሷን ያተረፈልኝ መተኛቴ ነው።

ዝምተኛዋ · ከምሽቱ 3፡55

እኔ የጠረጠርኩት ቁም ሳጥኑን ነው። በማግስቱ እኮ ነው ደሙ የመጣው። ሁለተኛ ከባድ ነገር እንዳትነኪ።

የማለዳ ጤዛ · ከምሽቱ 3፡58

አውቄው ነበር። ለምን ገፋሁት? ባለቤቴ እስኪመጣ መጠበቅ እችል ነበር እኮ።

ጡረተኛ አዋላጅ · ከምሽቱ 4፡30

ልጄ፣ ቆይ እስቲ። ቁም ሳጥኑን ተይው።

ዕድሜዬን በሙሉ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ነው የሠራሁት። ደም አይታ የመጣች ሴት ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ምን አድርጌ ነው?» ነው። አንዷ ባልዲ አነሳሁ ትላለች። አንዷ ደረጃ ወጣሁ ትላለች። ብዙ በመሳቄ ነው ብላ ያለቀሰች ሴትም አስታውሳለሁ። እጇን ይዤ ነው ያባበልኳት።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። የውርጃ ስጋት ማለት ፅንሱ ወረደ ማለት አይደለም። ከ20 ሳምንት በፊት ደም ታይቷል፣ የማህፀን በር ግን ዝግ ነው፣ ፅንሱም በቦታው አለ ማለት ነው። በሩ ከተከፈተ ስሙም ሕክምናውም ይለወጣል። ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደም ታያለች። ብዙዎቹ ልጃቸውን ታቅፈው ይሄዳሉ። ልብ ሲመታ ከታየ በኋላ ደግሞ ተስፋው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥርጣሬዎችሽ ልምጣ። በ8 ሳምንት ማህፀንሽ ገና ከዳሌ አጥንትሽ ወደ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ሆድ ብቅ የሚለው 12 ሳምንት አካባቢ ነው። ፅንሱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ በውሃ ከረጢት ውስጥ ይንሳፈፋል። ቁም ሳጥን ስለተገፋ ከቦታው አይነቀልም። ከአለቃሽ ጋር የተጣላሽውም ጭቅጭቅ አያወርደውም።

ከባልሽ ጋር መሆንሽን በተመለከተ ደግሞ ይህን እወቂ። በእርግዝና ጊዜ ወደ ማህፀን በር የሚሄደው ደም ይጨምራል። ቆዳው ሲነካ በቀላሉ ሊደማ ይችላል። ያ ደም የሚመጣው ከበሩ ነው እንጂ ከፅንሱ አይደለም። ደሙ እስኪቆም ብትቆዩ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ያለፈው ግን ጥፋት አይደለም ልጄ።

የማለዳ ጤዛ · ከምሽቱ 4፡47

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግን «ከከረጢቱ ጎን ያለ ደም» ማለት ምን ማለት ነው? እሱን ሳስብ ነው ሆዴ የሚንቦጨቦጨው።

የማህፀን ሐኪም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ተረኛ ሆኜ አድሬ አሁን ነው የማነበው። ሲስተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ስለ ደሙ እኔ ልጨምር።

ፅንሱ ያለበት ከረጢት በሽፋን ተጠቅልሎ የማህፀን ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሠራው ከዚሁ ሽፋን ነው። አንዳንዴ ጠርዙ ትንሽ ይላቀቅና ከሽፋኑና ከግድግዳው መካከል ደም ይቋጥራል። አልትራሳውንዱ ላይ ከከረጢቱ አጠገብ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጠቆር ብሎ ይታያል። እኛ ሄማቶማ እንለዋለን። ከተቋጠረው ጥቂቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ሞዴስሽ ላይ ያየሽው እሱ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ሰውነትሽ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ቡናማ ሆኖ ከወጣ የቆየ ደም ነው፣ አዲስ አይደለም። ትንሽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱን ሳይጎዳ ያልፋል። ከከረጢቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ሲሆን ግን ስጋቱ ይጨምራል፤ በቅርብ እንከታተለዋለን።

ደም የሚያሳየው ይህ ብቻ አይደለም። ገና በ4 ሳምንት አካባቢ፣ ፅንሱ ግድግዳው ላይ ሲጣበቅ ጠብታ ሊታይ ይችላል። የማህፀን በር ላይ ያለች፣ ፖሊፕ የምትባል ትንሽ የሥጋ ቁራጭ ትደማለች። የበሩ ኢንፌክሽንም ያደማል። መንታ ሆኖ ተጀምሮ አንዱ ሲቀርም ደም ይታያል፤ ሁለተኛው ግን ማደጉን ሊቀጥል ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ሁላችሁም የምትፈሩት አለ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የሚወርዱት በክሮሞዞም ስህተት ነው። ክሮሞዞም የዘር መረጃ ተሸካሚ ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፤ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት። እንቁላሉ ወይም ዘሩ ሲዘጋጅ አንድ ይተርፋል ወይም አንድ ይጎድላል። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው እንቁላሉ ላይ ነው፣ ዕድሜ ሲጨምርም ይበዛል። ከ25 እስከ 29 ዓመት ባሉ ሴቶች ከ10 እርግዝና 1 ያህሉ ይወርዳል። ከ45 ዓመት በኋላ ግን ከግማሽ በላዩ ይወርዳል። ይህ ስህተት የሚፈጠረው ገና ከመጀመሪያው፣ እርግዝናው ሳይታወቅ ነው። እሁድ የገፋሽው ቁም ሳጥን ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ሊለውጥ አይችልም።

የሦስት ልጆች እናት፣ ልጅሽ በጤና ማደጓ ደስ ይላል። ነገር ግን መተኛት ውርጃን እንደሚከላከል ጥናቶች አላሳዩም። እርግዝና በራሱ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። በላዩ ላይ ለወራት ሳይነሱ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ በር ይከፍታል። ሲደክምሽ እረፊ፣ ከባድ ስፖርት ለጊዜው ይቅር። የቀረውን ኑሮሽን ኑሪ።

የሦስት ልጆች እናት · ከጠዋቱ 2፡05

ዶክተር፣ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያኔ እግሬ አብጦ ስነሳ ያዞረኝ ነበር። የማለዳ ጤዛ፣ የትናንቱን ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ። ተነሺ እህቴ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሺ።

ሁለት ያጣሁ · ከጠዋቱ 4፡10

እኔ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ማስፈራራት ፈልጌ አይደለም።

በ8 ሳምንቴ ደም አየሁ፣ ልቡ ይመታል ተባልኩ። በ10 ሳምንቴ ስታይ ልቡ ቆሟል። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። በፊት ትር ትር ስትል የነበረችው ነጥብ ጸጥ ብላለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም፤ ትከሻዬን ያዘችኝ።

የወረደውን ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ 16ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ስታስረዳኝ እንዲህ ያለው ፅንስ ምንም ቢደረግለት አይወለድም አለችኝ። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ስለሄድኩ ነው፣ ከእህቴ ጋር ስለተጨቃጨቅኩ ነው ስል ነበር የከረምኩት። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። ራሴን መክሰስ ሲያምረኝ አወጣትና አነባታለሁ።

የማለዳ ጤዛ፣ ያንቺ እንዲቆይልሽ ከልቤ እመኛለሁ። ባይቆይም እንኳ አንቺ አይደለሽም።

የማለዳ ጤዛ · ከጠዋቱ 4፡32

አለቀስኩ። አንቺም አይደለሽም እህቴ።

ከሞት የተረፍኩ · ከቀኑ 7፡20

እዚህ የሚያነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የማለዳ ጤዛ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑን አልትራሳውንድ አይታለች። ሳይታዩ «የውርጃ ስጋት ነው፣ ያልፋል» ብለው ቤት የሚቀመጡ አሉ። እኔ እንደዚያ አደረግሁ። ደሙ ጥቂት ነበር፣ ከወር አበባም ያነሰ። በአንድ ጎኔ ያመኝ ጀመር። ከዚያ ትከሻዬ ጫፍ ላይ አመመኝ። ትከሻና እርግዝናን ማን ያገናኛል? አንገቴን አጣምሜ ተኝቼ ነው ብዬ አሸሁት። ማታ ኩሽና ውስጥ ወደቅሁ። ፅንሱ እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነበር፤ ቱቦው ፈንድቶ ሆዴ ደም ሞልቷል።

የማህፀን ሐኪም · ከቀኑ 8፡00

በጣም አስፈላጊ ነገር ነው የጻፍሽው። ትከሻ የሚያመው ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ሲነካ ነው። የነርቭ መንገዳቸው አንድ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ከማህፀን ውጭ ነው። ስለዚህ በእርግዝና መጀመሪያ ደም ያየች ሴት ሁሉ መጀመሪያ ማወቅ ያለባት ፅንሱ የት እንዳለ ነው።

አዲስ ገቢ · ከቀኑ 9፡14

ዶክተር፣ እኔም ደም ታየኝ። በወር አበባዬ ሲቆጠር 5 ሳምንት ከ5 ቀኔ ነው። ከረጢቱ ማህፀን ውስጥ ታይቷል፣ በውስጡም የአስኳል ከረጢት የሚባል ክብ ነገር አለ አሉኝ። የልብ ምት ግን የለም። አለቀ ማለት ነው?

የማህፀን ሐኪም · ከቀኑ 9፡50

አላለቀም። በብልት በኩል በሚታይ አልትራሳውንድ ልብ መታየት የሚጀምረው 6 ሳምንት አካባቢ ነው። እንቁላሉ ዘግይቶ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ እርግዝናው ከቆጠርሽው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የአስኳል ከረጢት መታየቱ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ልብ ቆሟል ለማለት ጥብቅ መለኪያ አለን። ፅንሱ 7 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ልቡ ካልታየ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን ጠብቀን እንደገና እናያለን። በአንድ ቀን እይታ ብቻ ፈርዶ መድኃኒት የሚሰጥሽ ሰው ካለ እንደገና ልታይ በይ። አንዳንድ ቦታ የእርግዝናውን ሆርሞን ኤችሲጂን በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ይለኩታል። ያም አካሄዱን ያሳያል።

የጤዛ ባለቤት · ከምሽቱ 1፡30

ጤና ይስጥልኝ። የማለዳ ጤዛ ባለቤት ነኝ። ትናንት ሌሊት ስልኳን ይዛ ስታለቅስ አይቼ ነው የገባሁት። ቁም ሳጥኑን እንድትገፋ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ነገ አደርገዋለሁ እያልኩ ሳምንት አቆየሁት። ሲስተር፣ ዶክተር፣ እናንተ የጻፋችሁትን አንብቤ እኔም ቀለል አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌሊት ላይ ምን ስናይ ነው ተነስተን መሮጥ ያለብን?

ጡረተኛ አዋላጅ · ከምሽቱ 1፡52

አንተ ጎበዝ ልጅ፣ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሞዴሱን አንተ ቁጠር። ስንት ሰዓት ላይ እንደቀየረች ጻፍ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ሞዴስ ከራሰ፣ ወይም የረጋ ደም በትልቁ ከወጣ፣ ጠዋት አትጠብቁ። ራሷን ካዞራት ወይም ከወደቀች፣ ሆዷን በአንድ ወገን አጥብቆ ካመማት፣ ትከሻዋን ካመማት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ፈሳሹ ከሸተተ ወዲያው ሂዱ። ሥጋ መሰል ነገር ከወጣ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትጣሉት።

ለቁርጠቱ ፓራሲታሞል ትውሰድ። አይቡፕሮፌን አይሆንም። ወደ ውስጥ የሚገባ ታምፖንም አይሆንም። የምትወስደውን ፎሊክ አሲድ አታቁም።

ዝምተኛዋ · ከምሽቱ 2፡15

የቁም ሳጥኑን ነገር ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ያልተጣራ ነገር ነው የጻፍኩት። ለአክስቴ ልጅ ግን ሐኪሟ ፕሮጄስትሮን የሚባል መድኃኒት ጽፎላት ነበር። ዶክተር፣ እሱስ ለማለዳ ጤዛ ይሆናል?

የማህፀን ሐኪም · ከምሽቱ 3፡05

ፕሮጄስትሮን የማህፀንን ግድግዳ ለእርግዝና የሚያዘጋጅ ሆርሞን ነው። ለብዙ ዓመታት ደም ላየች ሴት ሁሉ በልማድ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 4,153 ደም ያዩ ነፍሰ ጡሮችን አጥንተው ውጤቱን አወጡ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 75 በመቶ፣ ካልወሰዱት 72 በመቶ ወለዱ። ለሁሉም ይጠቅማል ለማለት ልዩነቱ አይበቃም። ከዚያ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ፅንስ የወረደባቸውን ለይተው ሲያዩ ግን ከወሰዱት 72 በመቶ፣ ካልወሰዱት 57 በመቶ ወለዱ። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ተቀየረ። ደም ያየች፣ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ከዚህ በፊት አንድም ቢሆን የወረደባት ሴት መድኃኒቱ ይሰጣት ይላል። በብልት በኩል የሚገባ ነው።

የማለዳ ጤዛ፣ አምና ወርዶብሻልና ይህ አንቺን ይመለከታል። በራስሽ አትግዢ። ሐኪምሽ ጋ ተመለሺና «አምና ወርዶብኛል፣ ፕሮጄስትሮን ይሆነኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። የክሮሞዞም ስህተት ያለበትን ፅንስ እንደማያድን ግን እወቂ።

ሳልረሳ፣ ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶችም ስላሉ እነሱንም አስመርምሩ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር በሽታ ፅንስ ያስወርዳል። የታይሮይድ መዛባትም እንዲሁ። ወባና ቂጥኝ ያስወርዳሉ፣ ሁለቱም በእርግዝና ጊዜ ይታከማሉ። ሲጋራና አልኮል ስጋቱን ይጨምራሉ፤ ባልየው አጠገቧ ማጨስም እንደዚያው ነው። ተደጋግሞ የሚወርድባት ሴት ደሟ በቀላሉ የሚረጋ መሆኑ ይታይላት፣ ለሱም መድኃኒት አለ። ማህፀኗም መሐሉ በግድግዳ የተከፈለ እንደሆነ፣ ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢም ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ይታያል።

የደም ዓይነታችሁን እወቁ። ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ለሚቀጥለው ልጅ ሾተላይ እንዳይመጣባት መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል። በተለይ ከ12 ሳምንት በኋላ ደም ካየች ሳትናገር አትለፍ።

የማለዳ ጤዛ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡40

ተመለስኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሳልፈራ ገባሁ። አምና እንደወረደብኝ ሐኪሙ አላወቀም ነበር፤ እኔም አልነገርኩትም ነበር። መድኃኒቱን ጻፈልኝ። የደም ዓይነቴ ኦ ፖዘቲቭ ነው።

የማለዳ ጤዛ · ከ8 ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡05

አሁን ከአልትራሳውንድ ወጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። 16 ሚሊ ሜትር የነበረው 27 ሆኗል። ልቡ በደቂቃ 171 ይመታል። ከጎኑ ያለው ጠቆር ያለ ነገር ግማሽ ሆኗል። ባለሙያዋ «እይው፣ እጁን አነሳ» አለችኝ። የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው። ቡናማው ደም አሁንም አልፎ አልፎ ይታየኛል፤ ገና አላለቀልኝም፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ቀጠሮ አለኝ። ባለቤቴ ሞዴስ የሚቆጥርበትን ደብተር ይዞ ነበር የገባው፤ ሐኪሙም ተቀብሎ አንድ በአንድ አየው።

ሁለት ያጣሁ እህቴ፣ በሩን ስገባ አንቺን አስቤሻለሁ።

ሁለት ያጣሁ · ከቀኑ 6፡30

ከጠዋት ጀምሮ ይህን ገጽ እየከፈትኩ እየዘጋሁ ነበር። እሰይ!

ጡረተኛ አዋላጅ · ከቀኑ 7፡00

እልልልል! ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ውሃ ጠጪና ትንሽ ተኚ።

የማለዳ ጤዛ · ከቀኑ 8፡15

አዲስ ገቢ፣ አንቺስ? ድምፅሽ ጠፋ። ድጋሚ ታየሽ ወይ?

አዲስ ገቢ · ከምሽቱ 2፡48

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ቀጠሮዬ። ደሙ ቆሟል፣ ማቅለሽለሹ ግን አለ። ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ እንዳልረሳቸው። ስንት ሚሊ ሜትር ሆነ? ልቡ ይታያል? ካልታየ መቼ ልመለስ? የማህፀን በሬ ዝግ ነው?

የማለዳ ጤዛ · ከምሽቱ 2፡53

የደም ዓይነትሽን ጨምሪበት።

አዲስ ገቢ · ከምሽቱ 2፡55

ጻፍኩት። አምስተኛ ነው።